የቦታ እውቀት ከወዴት ይመጣል?

ሰው ቅርቡን ከሩቁ፣ ቀኙን ከግራው፣ ረጅሙን ግድግዳ ከአጭሩ መለየቱ አብሮት የተወለደ ነው ወይስ ኖሮ ያገኘው? እንግሊዛዊው ጆን ሎክ አእምሮን ገና ካልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ጋር ሲያመሳስል፣ እውቀት ሁሉ ከልምድ ይመነጫል ማለቱ ነበር። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1781 ባሳተመው ዋና ሥራው ቦታ ከልምድ የሚቀዳ አይደለም፣ ልምድ ራሱ የሚቻለው አእምሮ ቦታን አስቀድሞ ይዞ ስለሚገኝ ነው ብሎ ተከራከረ። ካንት የተናገረው ስለ ሕፃናት አልነበረም፤ ሆኖም ክርክሩ ወደ ሕፃናት መውረዱ አልቀረም።

ስዊዛዊው ዣን ፒያዤ ከባርበል ኢንሄልደር ጋር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጥናት ለልጆች የሦስት ተራሮች ሞዴል አቀረበ። ከማዶ የተቀመጠች አሻንጉሊት ምን እንደምታይ ሲጠየቁ፣ ትንንሾቹ ራሳቸው የሚያዩትን መለሱ። ፒያዤም ልጅ የቦታን እውቀት በመንካትና በመንቀሳቀስ፣ በብዙ ዓመት፣ ደረጃ በደረጃ ይገነባዋል አለ።

የተቃራኒው ወገን ማስረጃ የተነሣው ከአይጥ ነው። ኬን ቼንግ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ አቅጣጫ የጠፋባቸው አይጦች በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ምግብ ሲፈልጉ የግድግዳውን ርዝመት ተከተሉ፤ በየጥጉ የነበረውን ልዩ ምልክት ግን ችላ አሉት። ሊንዳ ኸርመርና ኤልዛቤት ስፔልኪ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ከ18 እስከ 24 ወር ባሉ ሕፃናት ሞከሩ። አንዱ ግድግዳ ሰማያዊ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አሻንጉሊት ከአንዱ ጥግ ይደበቃል፤ ሕፃኑ ዓይኑ ተሸፍኖ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ይፈልጋል። ሕፃናቱ ትክክለኛውን ጥግና በሰያፍ ከፊት ለፊቱ ያለውን መሳዩን እኩል ፈለጉ። ሰማያዊው ግድግዳ ሁለቱን ይለይላቸው ነበር፤ አልተጠቀሙበትም። ስለዚህ የቅርጽ እውቀት አብሮ የሚወለድ፣ ቀለም የማይገባበት ራሱን የቻለ የአእምሮ ክፍል ነው ተባለ።

በፊላደልፊያ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኖራ ኒውኮምብና ባልደረቦቻቸው ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ክፍሉ ጠባብ ባይሆንስ? የመጀመሪያው ክፍል 1.2 በ1.8 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ጥናታቸው፣ ርዝመቱም ወርዱም እጥፍ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆኑ ሕፃናት ምልክቱን ተጠቅመው ትክክለኛውን ጥግ አገኙ። ሰው ጥቂት ሲራመድ የሩቅ ምልክት አቅጣጫው ብዙም አይለወጥም፤ የቅርቡ ግን ይለወጣል። ስለዚህ በሰፊ ክፍል ያለ ምልክት የበለጠ ያስተማምናል። የአእምሮ ሕግ የተባለው የአንድ ጠባብ ክፍል ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ትልቅ የፍልስፍና ድምዳሜ በጥቂት ክንድ ግድግዳ ላይ ቆሞ መቆየቱ ሊያሳስብ ይገባል።

ኒውኮምብ ግን ወደ ሎክ ነጭ ወረቀት አልተመለሱም። እርሳቸውና ጃኔለን ኸተንሎከር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕፃን ጠንካራ መነሻ ይዞ ይወለዳል፤ የትኛው ምልክት እንደሚታመን ግን ከኑሮው ይማራል የሚል አቋም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዓሣ ጥናት ይህን ያጠናክራል። በክብ ገንዳ ያደጉ ዓሦች ማዕዘን አይተው ባያውቁም በግድግዳ ርዝመት አቅጣጫ መያዝ ቻሉ፤ ነገር ግን ማዕዘን ባለው ገንዳ ካደጉት ይልቅ በልዩ ምልክቱ ላይ አብዝተው ተደገፉ።

ሌላው መከራከሪያ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ትንሽ ልጅ «ቀኝና ግራውን ያልለየ» ይባላል። ስፔልኪም አዋቂን ከሕፃን የሚለየው «ከሰማያዊው ግድግዳ በስተግራ» ብሎ ቅርጽንና ቀለምን ማጣመር መቻሉ ነው ብለው ነበር። ቃል እንደሚያግዝ አያጠራጥርም። ምንጩ ቃል ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ይህን ገና መናገር የማይችሉት ሕፃናት በሰፊው ክፍል ተሳክቶላቸዋል፣ ዓሦችም ምንም ቃል የላቸውም።

የክርክሩ ውጤት ትምህርት ቤት ድረስ ይደርሳል። የቦታ ችሎታ የተወለዱበት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ካርታ ማንበብ ወይም ቅርጽን በሐሳብ ማዞር ያቃተውን ተማሪ መተው ይቻል ነበር። ኒውኮምብ የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምገማ ግን 217 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ፣ ችሎታው በሥልጠና እንደሚሻሻል፣ መሻሻሉ ሥልጠናው ካበቃም በኋላ እንደሚቆይና ሠልጣኞቹ ወዳልተለማመዱት ሥራም እንደሚሻገር አሳይቷል።