ላዛኛ ሲጾም

ሁዳዴ ሲገባ የቤቱ ጠረን ይለወጣል። የቅቤው ዕቃ ተከድኖ ጓዳ ይገባል፤ ድስቱና ጭልፋው በፈላ ውኃ ይታጠባሉ፤ ሥጋ የነካው ቢላዋ ለብቻው ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ የዛሬዋ የአዲስ አበባ ባለሙያ ከአያቷ አትለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሽሮውና ከምስር ክኩ ጎን ቶፉ፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ የኮኮናት ክሬምና ካሹ ይደረደራሉ። ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ ቪዲዮው ይከፈታል፤ የጾም ላዛኛ ሥራ ይጀመራል።

ካሹው ውኃ ውስጥ አድሯል። ጠዋት በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ ጭማቂና በጨው ተፈጭቶ አይብ የሚመስል ነገር ይወጣዋል። ነጩ ሶስ በዱቄት፣ በዘይትና በአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። የተፈጨ ሥጋ በሚገባበት ቦታ በደንብ የተቁላላ እንጉዳይና ድፍን ምስር ይገባል። ሊጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከስንዴና ከውኃ ብቻ ከተሠራ ያልፋል፣ እንቁላል ከገባበት አያልፍም። ስለዚህ የማሸጊያው ጀርባ እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

ምድጃው ሲከፈት ሽታው ሳሎን ይደርሳል። አያት ከተቀመጡበት ሆነው «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ጾሙ?» ይላሉ። «እማማ፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም እኮ!» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አያት የጠየቁት ስለ ጾም ነው፤ ልጅቱ የመለሰችው ስለ ምግቡ ነው። በብዙ ቤት የሚነሳው ይህ አጭር ክርክር በውስጡ አንድ የቆየ የሃይማኖት ጥያቄ ይዟል፦ ጾም የሚፈርሰው ምግቡ ውስጥ በገባው ነገር ነው ወይስ በተበላበት ፍላጎት?

ከሕጉ እንጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይጾማሉ። ሲደመር ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን እንደሚጾሙ ይነገራል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ዓላማውንም አብሮ ያስቀምጣል፤ የሥጋ ፈቃድ እንዲደክምና ለነፍስ እንዲገዛ ነው። ሕጉ ስለ ዓይነት ይናገራል፣ ስለ ሰዓትም ይናገራል፤ ስለ ምግቡ አገር ግን አንድም ቃል የለውም። በዚህ መለኪያ ላዛኛዋ ነጻ ናት። ጥፋት ካለ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ በጠዋቱ መቆረሷ ነው።

«የውጭ ምግብ ነው» የሚለው ክስም ብዙ አያስኬድም። በያይነቱን እንኳ አንድ በአንድ ቢመረምሩት ግማሹ እንግዳ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳመጣው ይጻፋል። ቲማቲምና ቃሪያም የአሜሪካ ምድር ተክሎች ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው በርበሬ ነው። የትውልድ አገሩ ያው አሜሪካ በመሆኑ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በኢትዮጵያ ምድር ሊኖር አይችልም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዜማውን ሲደርስ አክሱም ላይ የበርበሬ ቀይ ወጥ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ዛሬ የጾም ወጥ ያለ በርበሬ ይታሰባል?

ከዚህም የበለጠ አለ። የጃፓኖች ቴምፑራ፣ አትክልትና የባሕር ምግብ በስስ ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስበት፣ ስሙ ራሱ የጾም ስም ነው ይባላል። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌሎች ወገኖቻቸው በክሪስቶፎ ዳ ጋማ እየተመሩ ምጽዋ ወርደው ነበር። ካቶሊኮቹ በዓመት አራት ጊዜ በሚውሉት፣ በላቲን ቴምፖራ በሚባሉት የጾም ቀናት ሥጋ ትተው አትክልትና ዓሣ ጠብሰው ይበሉ ነበር። ጃፓኖች ጥብሱን ወሰዱ፤ ጾሙ ቀረ፤ ስሙ ተረፈ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓርብ ቀን ካሮትና ፎሶሊያ በሊጥ ነክሮ የሚጠብስ ሰው እንግዲህ አንድን የጾም ምግብ ወደ ቤቱ መልሶታል።

ቀጣዩ ክስ ጠንከር ይላል፦ «ማስመሰል ነው።» ሥጋ ሳይሆን ሥጋ፣ አይብ ሳይሆን አይብ። ይህ ግን ከቪዲዮ ወይም ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም። የአገራችን ወጥ ቤት ከሚኮራባቸው የጾም ምግቦች አንዱ የሽምብራ ዓሣ ነው። የሽምብራ ዱቄት በቅመም ይለወስና ጠንከር ብሎ ይታሻል፤ በጣት ውፍረት ተዳምጦ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል። ባለሙያዋ በዚህ አታበቃም። በቢላዋዋ ጫፍ ዓይን ታበጅለታለች፣ ቅርፊቱን ትስልለታለች፣ ጅራቱን ትሰነጥቅለታለች። ከዚያ በዘይት ተጠብሶ በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ይገባል። እውነተኛው ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ሊቃውንቱም ምእመናኑም እስከ ዛሬ ሲከራከሩ፣ የሽምብራው ዓሣ ማንም ሳይነካው በወጡ ውስጥ ይዋኛል። የሱፍ ወተቱንና የጾም ዱለቱን ስንጨምርበት፣ አያት ላዛኛዋን በማስመሰል መክሰሳቸው ይከብዳል።

የሌላውም ዓለም ታሪክ እንዲሁ ነው። የቻይና የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ ስለማይበሉ የስንዴ ሊጥ ደጋግመው በውኃ እያጠቡ ነጩ ስታርች ሲወጣ የሚቀረውን ሙጫ መሳይ ክፍል እንደ ሥጋ ያበስሉታል። በደቡብ ጀርመን ማውልታሽን የሚባል በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ አለ። የማውልብሮን ገዳም መነኮሳት በጾም ወራት ሥጋውን ከቅጠላ ቅጠል ጋር ከትፈው፣ አምላክ እንዳያየው በሊጥ ሸፈኑት የሚል ተረት ይወራበታል። የአገሩ ሰው ዛሬም እግዜርን ሸዋጅ የሚል ትርጉም ባለው የቁልምጫ ስም ይጠራዋል።

እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። መነኮሳቱ በተረቱ የሸሸጉት እውነተኛ ሥጋ ነው። የሽምብራው ዓሣ ግን ምንም የሸሸገው ነገር የለም፤ ሽምብራ መሆኑን ማዕዱ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። ላዛኛዋም ከዚህኛው ወገን ናት።

ከውጭ የምግብ አሠራር የሚወስድ ጾመኛ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። «የጾም» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክሶች በዓቢይ ጾም ሽሪምፕና ካላማሪ ይበላሉ፤ ደም የላቸውም ይላሉ። በአንጻሩ ጥብቅ በሆኑት ቀናት ከወይራ ዘይት ይከለከላሉ። የእኛ ጾመኛ ዘይቱን በነጻነት ያፈሳል፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ምክንያት በፍስኩም ቀን አይነካውም። ለአቴናዊው የጾም የሆነ የሽሪምፕ ፓስታ ለጎንደሬው ጨርሶ ምግብ አይደለም፤ በዘይት የተቁላላው የጎንደሬው ሽሮ ደግሞ ለአቴናዊው ጥብቅ ጾመኛ ጾም መፍታት ነው። ሁለቱም ለአንድ ጌታ ይጾማሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ የመከረው እንዲህ ያለውን ልዩነት ይዞ ነው።

ታዲያ የአያት ጥያቄ መልስ አገኘ? አላገኘም። እንግዳነቱም ማስመሰሉም ካላፈረሰው፣ አያትን ቅር ያሰኛቸው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 10 ሦስት ሳምንት ሲያዝን ሥጋና ወይን ጠጅ ብቻ አልተወም፤ ጣፋጭ ምግብም አልበላም። እዚያ ላይ ዝርዝር የለም፤ ማማር ራሱ ነው የተተወው። ዳዊትም ቅቤ በማጣት ሥጋው እንደከሳ ይናገራል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መጉደል ነው፤ ከገበታው አንድ ነገር ይቀራል፣ ሰውየውም መቅረቱ ይሰማዋል። የካሹ አይብ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። መቅረቱ እንዳይሰማ የተሠራ ነው። አያት «ምኑ ነው ጾሙ?» ሲሉ የጠየቁት ይህንን ነው፦ ምን ጎደለብሽ?

ይህ ደግሞ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ጥያቄ ነው። በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ካቴድራሉ ላይ የቅቤ ግንብ የሚባል ረጅም ማማ ቆሟል። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሲሠራ፣ ወጪው በከፊል የተሸፈነው በዓቢይ ጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የሚሹ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ነው ይባላል። ገንዘብ ያለው በቅቤ ጾመ፤ የሌለው በዘይት ጾመ። የዛሬው ካሹ ፈቃድ አያስከፍልም፤ ሱፐርማርኬት የሚጠይቀው ዋጋ ግን ያው ዓይነት ግንብ ይሠራል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም የተጻፈው የሄርማስ «እረኛው» የተባለ መጽሐፍ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አለው። መጽሐፉ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ከጥንት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ነበር፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ያገኘው የግእዝ ቅጂ በ1860 እ.ኤ.አ. ላይፕሲክ ታትሟል። ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ በምትጾምበት ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር አትቅመስ፤ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያን ያህል ለባልቴት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጥ። በዚህ ሚዛን ጾም ከአንዱ ገበታ ተነሥቶ ሌላው ገበታ ላይ የሚደርስ ምግብ ነው። የሚተርፍ ከሌለ የሚደርስ የለም።

ላዛኛዋ የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጣልያናዊት ስለሆነች ወይም አይብ ስለመሰለች አይደለም። ካሹው፣ ክሬሙ፣ እንጉዳዩ ሲደመር የጾሙ ምሳ ከፍስኩ ምሳ ሊበልጥ ይችላል፤ በዚያ ላይ ግማሽ ቀን ከምድጃ ፊት መቆም አለ። ሄርማስ አስላ ያለው ሒሳብ ዕዳ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ማለት ከውጭ የሚመጣ ምግብ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ፈተናውን የሚያልፉት የሌሎች አገሮች የድሀ ምግቦች ናቸው። የግብፅ ኮሻሪን እንውሰድ። ኮፕቶች በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይጾማሉ፤ ኮሻሪ ደግሞ የካይሮ ሠራተኛ በየመንገዱ የሚበላው፣ ምንም ሳይቀየርለት ጾም የሆነ ምግብ ነው። ድፍን ምስርና ሩዝ አብረው ይበስላሉ። መኮሮኒ ለብቻው ይቀቀላል፤ የተቀቀለ ሽምብራ ይዘጋጃል። ቲማቲሙ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ተቁላልቶ መጨረሻ ላይ አቼቶ ጠብ ይደረግበታል። ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ተከትፎ ቡናማና ኩርሽም የሚል እስኪሆን በዘይት ይጠበሳል፤ ጥብሱ ከላይ ይበተናል፣ ዘይቱ ለሩዙ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሁሉ ከሰፈር ሱቅና ከጉሊት ይገኛል። ድስቱ ቤተሰቡን አጥግቦ ለጎረቤት ይተርፋል።

የሕንዶች ዳልም፣ የጣልያን ገበሬ ፓስታ በቦሎቄም፣ የሶርያና የሊባኖስ ሙጀደራም እንዲሁ ናቸው። ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ጤፍ ባታገኝ፣ ምስርና ሩዝን በጠበሰችው ሽንኩርት ደባልቃ ዓርቧን ትጾማለች። የምትበላው የሌላ አገር ምግብ ነው፤ ጾሟ ግን ሙሉ ነው፤ እንጀራውም እናቷም ጎድለውባታል።

ለልጅቱም ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ወንድሞቿ ሽሮ ሰልችቷቸው ጾሙን ከነጭራሹ ሊተዉት ሲሉ ላዛኛዋን ሠርታ ገበታው ላይ ካስቀረቻቸው፣ ድካሟ ከንቱ አይደለም። ሆሣዕና ላይ አንድ ቀን የተሠራች ላዛኛ ጾምን አታፈርስም፤ 55 ቀን ሙሉ እንዲህ ከሆነ ግን በሌላ ስም ፍስክ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ ቀላል መንገድ አለ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ሳምንት የአስቤዛ ደረሰኝ ይያዝ፤ የመጀመሪያውን የጾም ሳምንት ደረሰኝ ከጎኑ ያስቀምጥ። የጾሙ ካነሰ፣ ልዩነቱን ለይቶ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ለሚለምኑ እናት ይስጥ። የጾሙ ከበለጠ፣ በሁለተኛው ሳምንት ኮሻሪ ይሥራ።