በሥራው የታወቀ ሰው ፊቱ ሊታይ ያስፈልጋልን?

በአዊ አገር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው በ1932 ዓመተ ምሕረት የቆመ ነው። ከዳንግላም ሆነ ከእንጅባራ የሚመጣው ፈረሰኛ ዓመቱን በየቀየው ሲሠራ ከርሞ በዚያ ቀን ባልንጀራውን በዐይኑ ያየዋል። ዕድርና ጽዋ ለለመደ ሕዝብ የዚህን ጥቅም ማስረዳት ትርፍ ነገር ነው። በዘመናችን ግን ሌላ ዐይነት ማኅበር ተነሥቷል፤ አባሎቹ ዐሥር ዓመት አብረው ሠርተው አንዱ የአንዱን ድምፅ እንኳ ሳይሰማ የሚኖርበት ነው።

ይኸውም ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች ማኅበር ነው። ሰው በዳንግላ ቢቀመጥ ወይም በሄልሲንኪ፥ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ስሕተቱን አርሞ ይልካል፤ ሥራው መልካም እንደ ሆነ ይቀበሉታል። የማን ልጅ ነህ፥ አገርህስ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዘሩና በልብሱ ሲመዘን ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነጻነት አይደለም። እንግዲህ ሥራው ሰውየውን ከገለጠው ፊቱን ማየት ለምን ያስፈልጋል?

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 የተጀመረው ዴቢያን የተባለው ማኅበር ለዚህ ጥያቄ ሥርዐት አበጅቶለታል። ከ2000 ወዲህ ጉባኤ ያደርጋል፤ በ2016ም በኬፕታውን ተሰብስቦ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚልከውን ሥራ በራሱ የምስጢር ቍልፍ ያትመዋል። ቍልፉ የእርሱ መሆኑን ሌሎች እንዲመሰክሩለት ደግሞ ፊት ለፊት ተገናኝተው ፓስፖርታቸውን ይተያያሉ። በ2006 በሜክሲኮ በተደረገው ጉባኤ ግን ከእነርሱ አንዱ ማንም መንግሥት ያልሰጠውን መታወቂያ ይዞ ቀረበ፤ ያስተዋሉበትም ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። በኋላ ነገሩን ራሱ በገለጠ ጊዜ እምነታችንን አጐደለ ብለው የተቈጡ ነበሩ። የሚያስገርመው ግን ወረቀቱ የመንግሥት ባይሆንም በላዩ የተጻፈው ስም የሰውየው እውነተኛ ስም መሆኑ ነው።

በ2024 ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ተገለጠ። ፋይልን አሳንሶ የሚያኖር ኤክስ ዜድ የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ በብዙ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው፥ ወይም ብዙ ሰዎች፥ ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ ሲልክ ቈየ፤ ታመነም፥ የጠባቂነቱንም ሥልጣን ተካፈለ። ከዚያ በኋላ የሰው ኮምፒውተር የሚከፈትበት ስውር በር በውስጡ አኖረ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ፥ ይህ ለምን ሆነ ብሎ ባይመረምር ኖሮ ጥፋቱ ወደ ብዙ አገር በደረሰ ነበር።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች፥ ፊቱን ቢያዩት ኖሮ ባልተታለሉ ነበር ይላሉ። ይህ ደካማ ክርክር ነው። በሜክሲኮ የተቀመጡት ፊትንም ወረቀትንም አይተው አላስተዋሉም፤ አታላይም እንደ ሌላው ሰው ፊት አለው፥ ፈገግታም ያውቃል። ይልቅስ ሊመረመር የሚገባው የፊተኛው ጠባቂ ነገር ነው። ያን ሥራ ያለ ደመወዝ ለብዙ ዓመት ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል፤ መድከሙንም በጽሑፍ ተናግሮ ነበር። ማንም ያላያቸው ስሞች ግን ዘገየህ፥ ለሌላ ስጥ እያሉ ደጋግመው ጻፉበት። ደክሜያለሁ የሚል መስመር ከሺህ መስመር መካከል ሲነበብ እንደ ሌላው መስመር ያልፋል። አብሮት ማዕድ የቀረበ ሰው ግን ሳይነገረው ከዐይኑ ባወቀ ነበር፤ ሸክሙንም እስኪ ለእኔ አካፍለኝ ለማለት የሚያበቃውን ወዳጅነት ባገኘ ነበር። ስለዚህ መገናኘት የሚያስፈልገው ሌባውን ለመያዝ ሳይሆን ስለ ደከመው ሰው ነው።

ነገር ግን ይህን ሕግ ያደረጉት እንደ ሆነ ሌላ በደል ይወለዳል። ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ ባሕር ማዶ ጉባኤ ለመሄድ የሚፈልግ ወጣት ቪዛ ቢከለከል፥ ሥራው ሙሉ ሳለ እርሱ ግማሽ አባል ሆኖ ሊቀር ነውን? ጉባኤዎቹ ለአንዳንዱ የመንገዱን ወጪ ይችላሉ፤ ቪዛው ግን በእጃቸው አይደለም።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሓራ ሰው ነበሩ። ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን በ1649 በሮማ አገኙት፤ በ1652ም የጎታው መስፍን ኤርነስት ጋብዘዋቸው ወደ እርሱ አገር ሄዱ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ደብዳቤ ብቻ ነበረ። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ በመርከብ ሲጓዙ ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያያት ኖረ፤ ከእርሳቸው የተማረውን አማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አድርጎ በ1698 አሳተመው። አብረው ከተቀመጡባት ጥቂት ጊዜ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ዐልፎ ነበር።