ከሁለት ቤት የመጡ መሣሪያዎች

ልጆቼ፣ በዚህ ሙያ የመጀመሪያውን ትልቅ ትምህርት ያገኘሁት በአንድ የይለፍ ቃል ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ደክሜ ነው። አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ያለ ገመድ እንዳገናኝለት ጠራኝ። አክሰስ ፖይንቱ የአንድ አምራች፣ በኮምፒውተሮቹ ላይ የተገጠሙት ካርዶች የሌላ አምራች ነበሩ። በሁለቱም ላይ አንዱን ቃል ፊደል ሳላዛንፍ ጻፍኩ። ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ግንኙነት ግን የለም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ካርድ ለዋወጥኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ያኔ የነበረው ዌፕ የተባለ የጥበቃ ዘዴ ቃል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁልፍ ብቻ ነው። የ128 ቢቱ ቁልፍም ከ0 እስከ 9 ካሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ካሉ የላቲን ፊደላት የሚሠራ 26 ምልክት ነው። ቃሉ ወደ ቁልፍ የሚለወጥበትን መንገድ መስፈርቱ ስላልደነገገው እያንዳንዱ አምራች በገዛ ስሌቱ ይለውጠው ነበር። እኔ አንድ ቃል ሰጠኋቸው ስል እነሱ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይዘው ቆመዋል። 26ቱን ምልክቶች በሁለቱም ላይ አንድ በአንድ ስጽፍ ክፍሉ በሙሉ ተገናኘ። እንግዲህ ከሁለት ቤት የመጡ መሣሪያዎች አልስማማ ሲሉ አንዱን ወገን ለመኮነን አትቸኩሉ፤ መስፈርቱ ዝም ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ዌፕን ራሱን ግን ዛሬ አትንኩት፤ ደካማነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጋልጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዌፕን የተካው ደብሊው ፒ ኤ የቃሉን አለዋወጥ ለሁሉም አምራች አንድ አደረገው።

መስፈርቱ ራሱ፣ 802.11 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። በወረቀት ላይ አንድ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ላይ ብዙ ሆነ፤ አንዱን አንቀጽ ሁለት መሐንዲስ ሁለት ዓይነት ይተረጉመዋልና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 ኖኪያ፣ ሉሰንትና ስሪኮምን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ዋይፋይ አሊያንስ የምንለው እሱ ነው። ተፎካካሪዎች መሣሪያቸውን ለማኅበሩ አንድ ፈተና ማቅረባቸውን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በወጣትነቴ ዕቃ ስመርጥ የማየው ዋጋውንና የአንቴናውን ብዛት ነበር። ዛሬ መጀመሪያ የማየው የማኅበሩ ምልክት በካርቶኑ ላይ መኖሩን ነው፤ ቀጥሎም በየትኛው ትውልድና በየትኛው የጥበቃ ዘዴ እንደተፈተነ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው በ54 ሜጋቢት በሚሠራበት ዘመን ለአንድ መሥሪያ ቤት 108 የሚል ራውተርና የዚያኑ አምራች ካርዶች አስገዛሁ። በእርግጥም ፈጠነ፤ ተመሰገንኩም። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሌላ አምራች ላፕቶፖች ሲገዙ ግን ኔትወርኩን ማየት እንኳ ተሳናቸው። ያ ፍጥነት ሁለት ቻናል በአንድ ላይ አጣምሮ የሚገኝ፣ መስፈርቱ የማያውቀው የአምራቹ የግል ዘዴ ነበር። እኔም ሌላውን ሁሉ በሚዘጋ አኳኋን አስተካክዬው ነበር። ወደ 54 ስመልሰው ሁሉም ገባ። መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ፍጥነት የከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ግን ባከነ፤ የመከርኩትም እኔ ነኝ። የ802.11 ኤን መሣሪያዎችም መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመጽደቁ ከዓመታት በፊት ገበያውን ሞልተውት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ታግሼ ጠበቅሁ። ልጆቼ፣ ለአንድ ቤት ኔትወርክ ስትሠሩ ዛሬ ያለውን ላፕቶፕ ብቻ አታስቡ፤ ነገ በር ከፍቶ የሚገባውንም እንግዳ አስቡ።

እንግዳ ካልኩ አይቀር፣ አንዲት ዘመዴ ከአሜሪካ ይዛው የመጣችው ላፕቶፕ የቤታችንን ዋይፋይ አላይ አለ፤ እዚህ የተገዙት ስልኮች ሁሉ ያዩታል። ራውተሩ በቻናል 13 ላይ ነበር። በአሜሪካ የሚሸጡ መሣሪያዎች በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚጠቀሙት እስከ 11 ነው፤ በብዙ ሌሎች አገሮች 13 ድረስ ይፈቀዳል። ወደ 6 ስለውጠው ወዲያው ታየ። 1፣ 6 እና 11 እርስ በርስ የማይነካኩ፣ የትም አገር መሣሪያ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ከነሱ አትውጡ።

ከሁሉ የከፋው በአንድ ክሊኒክ የደረሰብኝ ነው። በኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክ አብሮ የሚላክለት አክሰስ ፖይንት ልሰቅል ሄድኩ። ማከፋፈያው የሌላ አምራች ነበር፤ ሶኬቱ ልክ ገባ፣ ኬብሉም ያው ነው። መሣሪያው የሚፈልገው 24 ቮልት፣ የላኩለት ግን 48 ነበር። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ተራ መጠበቂያው ደረሰ። ለባለቤቱ እውነቱን ነግሬ ከኪሴ ተካሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3 ኤ ኤፍ የተባለው መስፈርት በጥቂት ቮልት ሞክሮ ተቀባዩን ሳይለይ ኃይል አይለቅም፤ ያ ርካሽ ማከፋፈያ ግን ሳይጠይቅ የሚሰጥ ነበር። ሶኬት ስለገጠመ ኃይሉ ገጠመ አትበሉ፤ ከመሰካታችሁ በፊት የሁለቱንም ጀርባ አንብቡ።

ዛሬ ደግሞ ሜሽ የሚባሉት መሣሪያዎች መጥተዋል። ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአምራቻቸው የግል ቋንቋ ስለሆነ የሌላ ቤት ልጅ አይቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ኢዚሜሽ የተባለው ፈተና ይህን ለማስታረቅ ቢሆንም ምልክቱ በሁለቱም ላይ መኖር አለበት። ባለፈው ክረምት በአንድ ትምህርት ቤት የሦስት አምራቾች አክሰስ ፖይንቶች ገጠሙኝ፤ አስተዳደሩ ሁሉንም ጥሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። በመካከላቸው ኬብል ዘረጋሁ። አድራሻ የማደሉን ሥራ ለአንዱ ራውተር ብቻ ተውኩ። ለሦስቱም አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃልና አንድ የጥበቃ ዓይነት፣ ለየራሳቸው ግን የተለያየ ቻናል ሰጠኋቸው። ማታ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ልጇን በቪዲዮ እያነጋገረች ከመደርደሪያዎቹ መካከል ተነስታ በሜዳው አድርጋ እስከ ግቢው በር ሄደች። ሁለት ቦታ ላይ ምስሉ ለአፍታ ቆም አለ፤ ድምፁ ግን አልተቋረጠም።