ሐላሉን ጠየቅን፤ ጠይቡንስ?



እኛ ከተሜ ሙስሊሞች ሥጋ ልንገዛ ስንሄድ ማን እንዳረደው እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ በምድር ካለው እንድንበላ ሲያዘን ሐላል ከሚለው ቃል ጎን ጠይብ የሚለውንም አኑሯል። ጠይብ ንጹሕ፣ መልካም ማለት ነው። ለመሆኑ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ቃል ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ በበኩሌ ንፋስ መውጫን እስካይ ድረስ አልጠየቅሁም ነበር።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ደቡብ ጎንደር ሄጄ ነበር። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ተራራ ታክኮ የሚያልፈው መንገድ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው የላይ ጋይንት ከተማ ያደርሳል። ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም፤ ጋቢ ያልያዘ እንግዳ ወዲያው ይለያል። ያደርኩት በአንድ ነጋዴ ወዳጄ እናት ቤት ሲሆን፣ ለእራት የገብስ እንጀራ በሽሮና ቅቅል ድንች ቀረበልኝ። በማድቤቱ ጥግ ኩበት እስከ ጣራ ተከምሯል። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከገበያ ነው ልጄ። የገጠር ሴቶች ተሸክመው ያመጡታል። እኔ ስገዛው እፎይ እላለሁ፤ የሸጠችው ሴት ማሳ ግን ይራባል» አሉኝ።

ከግብርና ባለሙያ ብሰማው ኖሮ ይህን ያህል ባልገባኝ። ደኑ ሲመናመን እበቱ ወደ ምድጃ ሄደ፤ እበቱን የተነጠቀው አፈር ይሳሳል፤ የሳሳውን ተዳፋት ክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ሲሆን፣ ገበሬው እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል። እንግዲህ ለእንግዳ የቀረበችው አንዲት እንጀራ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው የመጣችው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ረመዷን ገባ። አዲስ አበባ በሰፈራችን መስጂድ ከኢፍጣር በኋላ ጆንያ ሙሉ ትራፊ እንጀራ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲወሰድ ቆሜ አየሁ። በፊትም አየው ነበር፤ ያኔ ግን የእማማ ኩበት ትዝ አለኝ። «የአዲስ አበባ ጤፍ ከጋይንት አይመጣም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በብዙ ቦታ ያለው የአገራችን ደጋ ግን ኩበት አንዳጅ ነው። በዓለም ዙሪያም በ2022 እ.ኤ.አ. ለሸማቹ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው መጣሉን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዘግቧል፤ ከተጣለውም ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከየቤቱ የወጣ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወደቀች ጉርሻ እንኳ ቆሻሻዋ ተራግፎ እንድትበላ፣ ሳሕኑም ተጠርጎ እንዲበላ ማዘዛቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል፤ በረካው በየትኛው ክፍል እንዳለ አናውቅምና። ጾመን የዋልንበትን ምግብ መጣላችን ኢስራፍ ካልሆነ ኢስራፍ ምንድን ነው?

ሌላም አለ። ገብስን የድሃ እህል እያልን እንንቃለን። የአላህ መልእክተኛ ግን ከዚህ ዓለም ሲለዩ የጦር ጥሩራቸው በገብስ መያዣ ተይዞ እንደነበር ቡኻሪ ዘግቧል። ሽሮ የሚሆነው ባቄላና አተርም ቢሆን ሥሩ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ይመግባል። በየግብዣው ሥጋ ካልተቆለለ የተዋረድን የሚመስለን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ነገሩን ለመስጂዳችን የኢፍጣር አስተባባሪዎች አነሣሁ። በትንሹ እናቅርብ፣ ያነሰው ይጨመርለት አልኩ። አንድ አባት፣ «በእንግዳ ፊት ባዶ ትሪ ነውር ነው! አበሻ እንዲህ አያስተናግድም!» ብለው ተቆጡ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነትም ባህላችን ነው። ያም ሆኖ ለአሥር ቀን ይሞከር ተባለ። ጆንያው ወደ ፌስታል ወረደ። እኚያ አባት እስካሁን አልተስማሙም፤ የተረፈችውን እንጀራ ግን ለድርቆሽ ብለው በየማታው ወደ ቤታቸው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው።