ከሳሽና ዳኛ አንድ ሲሆኑ

ባላገር በአደባባይ ሲሟገት ከሳሽ በአንድ ወገን፣ ተከሳሽ በሌላው ወገን ይቆማል፤ ዳኛውም በመካከል ተቀምጦ የሁለቱን ቃል ይሰማል። ተከሳሹ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ያቀርባል፣ ፍርዱ ቢከብደው ይግባኝ ይላል። በገዛ ነገሩ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ዘንድ ለማንም አይፈቀድም። ሰው በሌሊት ከራሱ ጋር በሚሟገትበት አደባባይ ግን ይህ ሥርዓት ሁሉ ፈርሷል። ከሳሹም ዳኛውም የወኅኒ ጠባቂውም እርሱ ራሱ ነው፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተቈረጠው ነገር ማታ ማታ እንደ አዲስ ይታያል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ በዚህ ስፍራ የፊተኛውን ምሳር የሚያነሣው የወደቀው ራሱ ነው።

ይህን ብዙዎች ትሕትና ይሉታል። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን የሚያዝዘው ሕግ ግን መስፈሪያውን ያኖረው በራስ ዘንድ ነው፤ መስፈሪያው የጐደለ ሰው ለጎረቤቱ የሚሰፍረው እንዴት ይሞላል?

በዋድላም ሆነ በዋሸራ በቅኔ ቤት የኖረ ሰው የወቀሳን መጠን ያውቃል። ጀማሪው ተማሪ በሁለት ቤት የምትቆመውን ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ውሎ በመምህሩ ፊት ያሰማል። መምህሩ ቤቱ እንዳልመታ፣ ወይም ሰሙና ወርቁ እንዳልሰመረ ያያል፤ ያፈርሰዋል፤ አቃንቶም ይነግረዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ተማሪ ይሰማል። የፈረሰው ቅኔው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። (ቃሉ መራራ፣ እጁም ፈጣን የሆነ መምህር እንደ ነበረ አይካድም፤ የዚያ ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ ከጉባኤው የኰበለለ ተማሪ ነው።) በማግሥቱ አንዱ ልጅ የተነገረውን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ሌላ ሲቈጥር፣ ሁለተኛው «እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ ለዚህ አልተፈጠርሁም» እያለ ይውላል። የእርሱ ወቀሳ ከመምህሩ ወቀሳ እጅግ ይከብዳል፤ ማታ ግን ባዶ እጁን ይገባል። መምህሩ አንዲት ቃል ቢነቅፍ እርሱ ዕድሜውን በሙሉ ነቀፈ፤ ነቀፋውም የተሳሳተችው ቃል የትኛዋ እንደ ሆነች አላስተማረውም።

«ሰው ለራሱ ከራራ ይሰንፋል» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ለራሱ ሁሉን የሚፈቅድ ሰው በየመንደሩ አለና። ሆኖም መራራትና መፍቀድ አንድ አይደሉም። በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ብሬንስና ቼን የተባሉ መርማሪዎች፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በከባድ ፈተና የተሸነፉ ተማሪዎች ስለ ሽንፈታቸው ለራሳቸው እንዲራሩ በተመከሩ ጊዜ፣ ለሚቀጥለው ፈተና ከሌሎቹ ይልቅ ረዥም ጊዜ አጥንተዋል።

ጴጥሮስና ይሁዳ በአንዲት ሌሊት ወደቁ። ይሁዳ አልተጸጸተም የሚል ሰው ወንጌሉን አላስተዋለም፤ ተጸጽቷል፣ በደሉን በአፉ ተናግሯል፣ ሠላሳውንም ብር መልሷል። የጐደለው ጸጸት አልነበረም። በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ የመጨረሻው ፍርድ መሰለው እንጂ፤ ይግባኙን የሚሰማ ከእርሱ በላይ እንዳለ አልጠበቀም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹ ግን አልተለየም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ተቀበለ። የገረዲቱ ነገር በዚያ አልተነሣም። ይቅር የተባለለትን በደል አቅፎ የሚቀመጥ ሰው እንግዲህ ትሑት ነውን? ሳያውቀው ራሱን ከፈጣሪው ይልቅ ጠንቃቃ ዳኛ አድርጓልና።

የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና ቍጥር አለው፤ ይህን ያህል ጾም፣ ይህን ያህል ስግደት። ሲፈጸም ሰውየው ይፈታል። በራስ ላይ የሚጫነው ቀኖና ግን ቍጥር የለውምና አይፈጸምም።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ በታች በተቀመጠ ጊዜ፣ ከአባቶቹ እንደማይሻል ተናግሮ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልተከራከረውም፣ አልገሠጸውምም፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ በራስጌው አኑሮ እንዲበላ ቀሰቀሰው። ነቢዩ በልቶ ተመልሶ ተኛ። ገና ረዥም መንገድ ይጠብቀው ነበርና ሁለተኛ ቀሰቀሰው። በዚያም ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ፤ በዚያ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ድምፅ ወደ እርሱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።