ጡረታ፣ ስንብትና የማይሻር ዕዳ

«ጡረታ» የሚለው ቃል ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት በቤተሰብ ውስጥ ይኖር ነበር። ሥሩ «ጦረ» ነው፤ በግእዙ «ጾረ» ተሸከመ ማለት ነው። ልጅ አቅም ያነሳቸውን ወላጆቹን ሲመግብ፣ ሲያለብስና ሲያስታምም ጦራቸው ይባላል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃትም ለተመራቂው የሚመኝለት የእርጅናውን ሸክም የሚጋራ ሰው ነው። መንግሥት ይህን ቃል ለሕጉ ሲዋስ ቃሉ የያዘውን ግዴታም አብሮ ተውሷል። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከተወሰነው ዕድሜ በፊት ጡረታ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ ወይም ጠቅላላ ገንዘብ በእጁ ተቆጥሮለት እንዲሰናበት ሲጠየቅ፣ የሚነሣው ጥያቄ የሒሳብ ሹሙ ብቻ ሊመልሰው የሚችል አይደለም። የመጦር ግዴታ በአንድ ክፍያ ተዘግቶ ሊያበቃ ይችላልን?

ጎንደር ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። በጥንቱ ሥርዐት በአድባራቷ የሚያገለግሉ ካህናት የሚተዳደሩት በመሬት ነበር፤ መሬቱን የያዘው ሰሞኑን ጠብቆ ያገለግላል፤ ሲደክም ልጁ ወይም ምትኩ በስፍራው ይቆማል። ለወታደሩና ለሹሙም በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ ማደሪያ መሬት ይሰጥ ነበር። የአገልጋዩ እርጅና በዚህ መንገድ መጠጊያ ቢያገኝም፣ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በመሬቱ ላይ በሚደክመው ገበሬ ትከሻ ላይ ነበርና ሥርዐቱን ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ማደሪያም አብሮ አከተመ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ በገንዘብ የሚታሰብ መብት አድርጎት ነበር። የጡረታ ሕግ ቋንቋ ሁለት ቃላትን ለይቶ ያውቃል፤ አንዱ አበል፣ ሌላው ዳረጎት ነው። አበል በየወሩ እስከ ዕለተ ሞት ይከፈላል። ዳረጎት ደግሞ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያበቃል። ጎንደሬ ይህን ሁለተኛውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያውቀዋል፤ በበዓልና በተዝካር ለካህናትና ለተማሪዎች የሚታደል ድርሻ ነው። ዳረጎቱን የተቀበለ በልቶ ይሄዳል፤ ሰጪውም ነገ ከነገ ወዲያ ምን በላህ ብሎ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። አበል ግን በየወሩ የሚታደስ ዝምድና ነው። የስንብት ክፍያ የሚያስነሣው ክርክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው አዋጅ ቁጥር 714 የጡረታ ዕድሜን 60 ዓመት አድርጎ፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅ 55 ዓመት ሲሞላው አበሉ እንዲጀምርለት ፈቅዶ ነበር። በስሌቱ መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 25 ዓመት ያገለገለው 48.75 በመቶ፣ 5 ዓመት የታገሠው ደግሞ 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በቀድሞው ሕግ 55 ዓመት ራሱ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ነበር። ትናንት ጊዜው ደርሶ ወጣ ይባል የነበረው ሰው ዛሬ ያለጊዜው ወጣ ይባላል። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት ሰውን ከሥራ የሚለየው ተፈጥሮ እንደሆነ ያስመስላል፤ መስመሩን የሚያሰምረውና የሚያንቀሳቅሰው ግን የሕግ ብዕር ነው።

ቀድሞ መውጣት በራሱ ነቀፌታ የለበትም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሰለጠናቸው የጤና ሠራተኞች ወደ ገጠር የተላኩት ሕመምተኛው ወዳለበት እንዲደርሱ ነበር። የጃን አሞራንና የበየዳን ዳገት ለ25 ዓመት የወጣና የወረደ ሰው ጉልበቱ ሲከዳው እስከ 60 ዓመት ካልቆየህ ማለት ለእርሱም ለሕመምተኛውም አይበጅም። በሌላም በኩል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በየቤቱ አለ፤ ታላቁ ወንበሩን ሲለቅ ታናሹ ይቀመጥበታል። ሰው ያገለገለበትን ዘመን ቆጥሮ፣ የሚተርፈውን ዕድሜ ለቤቱ፣ ለእርሻው ወይም ለጸሎቱ ልስጥ ቢል መብቱ ነው፤ አበሉም ቃል እንደተገባለት ይከተለዋል።

በገንዘብ መሸኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋና እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞቿን በስንብት ክፍያ ቀንሳለች። ዩጋንዳ ከ300 ሺህ በላይ የነበረውን የሠራተኛ ቁጥር፣ በስም ብቻ የነበሩትን በመሰረዝና ሌሎችን በክፍያ በማሰናበት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ አውርዳለች። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው ቢለቁ እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ደመወዛቸው እንደሚከፈላቸው ባስታወቀ ጊዜ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 75 ሺህ ያህሉ ተቀብለውታል። በፈቃድ መባሉ እውነት የሚሆነው እምቢ ያለው ሰው ያለ ስጋት በወንበሩ ሲቆይ ነው። «ብትፈልግ ውሰድ» የሚል ቃል «ነገ ግን ይህም አይገኝም» በሚል ማስፈራሪያ ከታጀበ፣ ፊርማው የእጁ እንጂ የልቡ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። የሠራተኛው ያለፈ ድካም እንዳይባል በየወሩ ደመወዝ ተከፍሎበታል፤ የሚመጣው ድካም እንዳይባል መንግሥት አልፈልገውም ብሏል። ስለዚህ መንግሥት የሚገዛው ነጻነቱን፣ ማለትም ከእንግዲህ ስለዚህ ሰው ያለመጠየቅ መብትን ነው። ከዚህም በላይ አበሉ ችሮታ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 714 ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ወደ ፈንዱ እንዲያገቡ ተደንግጎ ነበር። ተጧሪው የሚጦረው ራሱ ባስቀመጠው ጭምር ነው።

አንድ ጊዜ የተቆጠረ ገንዘብ የዘወትርን መተዳደሪያ እንዴት እንደሚተካ የሰሜን ጎንደር ደጋ በሌላ መንገድ አይቶታል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። እነርሱ የመንግሥት ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ልውውጡ ግን አንድ ዓይነት ነው። ገብስና በግ በየዓመቱ ይመለሳሉ፤ ካሳው ግን ቤት ተሠርቶበት፣ ቀለብ ተሸምቶበት ያልቃል። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው በጉልምስናው ማብቂያ አዲስ ሙያ እንዲማር ይገደዳል። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ መውጣቱ ትልቅ ድል ነው፤ የድሉ ዋጋ በማን ላይ አረፈ ብሎ መጠየቅም የድሉ አካል ሊሆን ይገባዋል።

ገንዘብ ራሱ ደግሞ አይጸናም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ በገንዘብ የተሸኘ ሰው ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል፤ ቅሬታ የሚያቀርብበት ደጅ የለውም። አበልተኛውም ተጎድቷል፤ ነገር ግን አበሉ እንዲሻሻል የመጠየቅ መብቱ ከእጁ አልወጣም። ሞትም ሁለቱን ይለያቸዋል። በሕጉ የሟች ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 በመቶ፣ ልጅ 20 በመቶ ይወርሳል። ባል በስንብት ደብዳቤ ላይ ሲፈርም በማይታይ ቀለም የሚስቱንም ስም ይጽፋል፤ እርሷ ግን ብዙ ጊዜ አልተጠየቀችም።

ለቃቂው ሠራተኛም ከግዴታ ነጻ አይደለም። የዋልያን መዋያና ማደሪያ የሚያውቅ የፓርክ ጥበቃ፣ የመዝገብ ቤቱን ሰነድ በቃሉ የያዘ ጸሐፊ፣ እነዚህ ሰዎች ዕውቀታቸውን ለተተኪ ሳያስረክቡ ቢወጡ ሕዝብ ያሳደገው ሀብት አብሯቸው ይወጣል። እርሱን ማስረከብ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ የሚጣደፍ ስንብት ይህን ጊዜ ለማንም አይሰጥም።

ስለዚህ ቀድሞ መውጣት የሚገባ የሚሆነው ሠራተኛው በሙሉ ፈቃዱ ሲመርጥ፣ ቤተሰቡ ሲያውቅ፣ ተተኪው ሲዘጋጅና የሚሰጠው ገንዘብ በአበሉ ላይ ሲታከል ነው። ገንዘቡ በአበሉ ፈንታ የገባ እንደሆነ ነገሩ ጡረታ መባሉ ቀርቶ ዳረጎት ይሆናል። በጎንደር ደጋ ሽማግሌ አባቱን «ድርሻህን ወስደሃልና ከእንግዲህ አላውቅህም» የሚል ልጅ ቢገኝ፣ ጎረቤቱ ስንት ብር እንደሰጠ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው አባትየው ዛሬ ማታ የት እንደሚያድሩ ነው።