ባላወቁት መጠየቅ

ሰው ባላወቀው ጥፋት ይጠየቃል? ቤተ ክርስቲያን ስንቆም ያወቅነውን በደል ብቻ ሳይሆን ያላወቅነውንም ይቅር በለን እያልን እንጸልያለን። በልጅነቴ ሁለተኛው ልመና ግራ ያጋባኝ ነበር። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን ውስጥ፣ በአንድ ዳታ ሴንተር የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ከሁለቱ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ጥያቄውን ያነሣብኝ አብሮኝ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ነው። የምናወራው ስለ ደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ስለ ካካዎ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2022 ከሴኡል በስተ ደቡብ በምትገኘው ፓንግዮ፣ ኤስኬ ሲ ኤንድ ሲ የተባለ ኩባንያ ያስተዳድረው በነበረው ዳታ ሴንተር፣ ከመሬት በታች ሦስተኛው ወለል ላይ ካለ የባትሪ ክፍል እሳት ተነሣ። በውኃ ለማጥፋት የሕንፃው ኤሌክትሪክ መቋረጥ ነበረበት። ካካዎ እዚያ 32,000 ያህል ሰርቨሮች ነበሩት። ኮሪያውያን በካካዎ መልእክት ይላላካሉ፣ ታክሲ ይጠራሉ፣ ገንዘብ ይከፍላሉ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 127 ሰዓት ተኩል ፈጀ። እሳቱ በተነሣ በአራተኛው ቀን ከሁለቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አንዱ፣ ናምኩንግ ሁን፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

«እትዬ፣ ሰውዬው ምን አጠፋ?» አለኝ ልጁ። «እሳቱን አላስነሣ። ሕንፃው የሱ አይደል። ባትሪውንም በዓይኑ አይቶት አያውቅ ይሆናል።»

ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ያልሠራውን ሰው መቅጣት ግፍ ነው፤ ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ካካዎ ራሱ በኋላ የገለጠውን ተመልከቱ። መረጃው በሌሎች ማዕከሎችም ተባዝቶ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ማዕከል ሲወድቅ ሥራውን በራሱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ሲስተም ግን የተተከለው ፓንግዮ ብቻ ነበር። አዳኙና የሚድነው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ይህን የሚያውቅ አንድም መሐንዲስ በቤቱ አልነበረም ብሎ ማመን ይቸግረኛል። እንዲህ ያለ ነገር የተከለው ሰው ያውቀዋል። ዕውቀቱ ከታች አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ የሚከፍተውም የሚዘጋውም መሪው ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ሳያውቅ ለበደለ ሰው የሚቀርበውን መሥዋዕት እንደ ማዕረጉ ይለየዋል። የተቀባው ካህን ወይፈን ያመጣል፣ መላው ማኅበርም ወይፈን፣ አለቃ ተባዕት ፍየል፣ ከሕዝቡ አንዱ ቢሆን እንስት ፍየል ወይም እንስት በግ። ካህኑ ብቻውን የሚያመጣው ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ከሚያመጣው ጋር እኩል መሆኑን ባነበብሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። አሪስቶትል ደግሞ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ሰው ላለማወቁ ራሱ ምክንያት ከሆነ ባለማወቁ ይቀጣል ይላል። ሰክሮ ያጠፋ ቅጣቱ እጥፍ የሚሆነው አለመስከር በእጁ ስለነበር ነው።

አለማወቅ እንዴት በእጅ ይመጣል? እኛ ዘንድ አንድ ብሬከር፣ ማለት የኤሌክትሪክ ማቋረጫ፣ ከመነካቱ በፊት ሥራው ደረጃ በደረጃ በወረቀት ይጻፋል። አንዱ ያነባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይለዋል፣ የብሬከሩን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያዞረው። በመካከል ማንም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረ እንኳ ቢሆን፣ «ቁም!» ካለ ሥራው ይቆማል። ሕጉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሚፈተነው ግን አንድ ጀማሪ በማያስፈልግ ቦታ አስቁሞ፣ ሁላችንን አንድ ሰዓት ያስጠበቀ ሌሊት ነው። ያን ጊዜ አለቃው ፊቱን ካጠቆረ ሁለተኛ የሚያስቆም አይገኝም። ከዚያ ወዲያ አለቃው ብዙ ነገር አያውቅም፤ አለማወቁን ያመጣው ግን የገዛ ፊቱ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚ የባትሪን ጠባይ ከባለሙያው በላይ ይወቅ አልልም። የሚያውቀው ሰው ሳይፈራ የሚነግረው መሆን ግን ለማንም በውክልና የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ይህን እምነቴን የሚፈትነው እዚሁ ሰፈራችን የሆነው ነው። ጁላይ 10 ቀን 2024 በአንድ 230 ኪሎቮልት መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸ፤ ቮልቴጁም በ82 ሴኮንድ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወረደ። የብዙዎቹ ዳታ ሴንተሮች መቆጣጠሪያ በአንድ ደቂቃ ሦስት ጊዜ መውረድ ካየ ወደ ራሱ መጠባበቂያ ኃይል እንዲሸሽ የተስተካከለ ነበር። 60 ያህሉ በአንድነት ሸሹ፤ 1,500 ሜጋ ዋት ያህል ጭነት ከኤሌክትሪክ መረቡ ላይ በድንገት ጠፋ። እያንዳንዱ ባለሙያ ሕንፃውን በሚገባ ጠብቋል። ሁሉም አንድ ላይ ሲሸሹ መረቡ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ግን አላየሁም። እዚህ ላይ ማንን እንጠይቅ? ለጁላይ 10 ማንንም አልከስም። ከጁላይ 11 ጀምሮ ግን ያንን «በደቂቃ ሦስት ጊዜ» የሚለውን ቁጥር ሳይመረምር የተወ መሪ አላወቅሁም ማለት አይችልም። እኔም ጭምር።

ልጁ እስካሁን አልተስማማም። ናምኩንግ መልቀቃቸው ለታክሲ ነጂው ምን ጠቀመው ይላል፤ በዚህስ እውነት አለው። እኔ ከመልቀቃቸው በላይ የማከብረው ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ወንበሩን ትተው ጥፋቱ እንዳይደገም የሚሠራውን ንዑስ ኮሚቴ መሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ በኩባንያው የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ፣ ምን እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ ለተፎካካሪ ድርጅቶች መሐንዲሶች ጭምር በግልጽ ተናገሩ።